አንድ ሣጥን፣ ሁለት ሸርጣን

በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱን በሙሉ፣
ሞርጂና ትዞራለች፤ ሣጥኖች ይዋልላሉ፤
ጥቁር የላስቲክ ሣጥን፣ ለእያንዳንዱ ክዳን፣
በእያንዳንዱ ሣጥን ለብቻው አንድ ሸርጣን።

ሳትኪራ፣ ባንግላዴሽ፣ ከኮልፔቱዋ ወንዝ ዳር
ይህ ኩሬ ማሳ ነበር፣ ሩዝ ያበቅል ነበር፤
ባሕሩ ግድብ ጥሶ ከገባ ጀምሮ
የሩዝን ስም ረሳ፣ ጨው ለብሶ አድሮ።
አሁን የሚያድርበት ጋሻ ለባሽ ፍጥረት፣
ወደ ጎን ተራማጅ፣
ዓይኑን በዘንግ ጫፍ ላይ ያቆመ እንደ መብራት።

ሥራዋ ቀላል ነው፣ ለመናገር ከሆነ፤
ክዳን ትከፍታለች፣ ትቆጥራለች።
አንድ ከሆነ ትዘጋለች።
ሁለት ከሆነ፣
አንዱ ባዶ ነው።

ባዶው ያው ሸርጣን ነው፤ እግሩ አልጎደለ፣
መቆንጠጫው ሙሉ፣ ጢሙ እንኳ ያለ፣
የዓይኑ ልባስ ሳይቀር በዘንጉ ላይ ቆሞ፤
ከኋላው ክፍት ነው፣
ባለቤቱ ሾልኮ ወጥቷል አስቀድሞ።
ሌላው፣ ሕይወት ያለው፣ ጥግ ይዞ ተኝቷል፤
እንደ ቅቤ ለስልሶ፣ መቆንጠጥ ተስኖት፣
ውኃ እየጠጣ ያብጣል፣ ይሰፋል።
ጥቂት ሰዓት ቢቆይ መልሶ ይጠነክራል፤
ከጠነከረ ደግሞ ዋጋው ይሰበራል።
ስለዚህ ትወስደዋለች።
እርጥብ ጨርቅ ለብሶ፣ በበረዶ ታጅቦ አገር ያቋርጣል፤
የሚበሉት ሰዎች ቅርፊት መስበር አይወዱም።

ልጇ ጁሌኻ ነገ ፈተና አለባት።
ጥበቃ ጎጆው ውስጥ፣ አምፖሉ ሥር፣ ጮክ ብላ ታነባለች፦
«ክረስቴሽያን። አጥንታቸውን ከውጭ የለበሱ፣
ሁለት ጥንድ አንቴና ያላቸው።
ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ሎብስተር።
ከድንጋይ ሥር ያለው፣ ሲነኩት እንደ ሽምብራ የሚድቦለቦለው፣
ያም ከነሱ ነው።
በልጅነቱ ዋኝቶ ዋኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዐለት ላይ አጣብቆ፣
ዕድሜ ልኩን ምግቡን በእግሩ ወደ አፉ የሚጠርገውም
ከነሱ ነው።»
«እሱስ አጎትሽ ነው» አለች ሞርጂና።
ሳቁ።

«እማ፣ ቅርፊት አያድግም ይላል እዚህ።
የሚያድገው ሥጋው ነው፤ ሲጠበው ይሰነጥቀዋል።
የሆዱን ገበር፣ እዚያ ያለውን የመፍጫ ጥርሱን ሳይቀር
አውልቆ ይጥላል።
የሚያድገው እርቃኑን በሆነባት ሰዓት ብቻ ነው።»
ሞርጂና አልመለሰችም።
ባትሪዋን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት።

ሣጥን አራት መቶ ዐሥራ ሰባት፣ ክዳኑ ሲነሣ፣
ገሚሱ ወጥቷል፣ ገሚሱ አልተነሣ፤
እግሩን ይጎትታል፣ እንደ ጠባብ ጓንት፤
ያርፋል። ይጎትታል። ያርፋል፣ እንደ ወላድ ሴት።
ደንብ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሸርጣን አይነካም።
ቁጢጥ አለች፣ ጨው በበላው እግሯ፤ ትንፋሿም አይሰማም።

ግድቡ የተሰበረ ለት እሷም እንዲህ ነበረች።
ጣራው ሄደ፣ ግድግዳው ሄደ፣
ጁሌኻን አዝላ ቴምር ዛፍ ላይ አደረች።
ሲነጋ፣ ውኃው ገና ወገብ ሲደርስ፣ አንድ ሰው በጀልባ መጣ፤
ሰላም አለ፣ አዘነ፣
ከብብቱ ደብተር አወጣ።
አራጣውን ሲነግራት አልሰማችም፤
አውራ ጣቷን ሰጠችው።
ሰዓቱን ያውቅ ነበር ሰውየው።
ባትሪ አልያዘም እንጂ፣
ያውቅ ነበር።

አሁን የመጨረሻዋ እግር ለቀቀች።
አንድ ሣጥን፣ ሁለት ሸርጣን።
ክዳኑን እንደያዘች ቆየች፤
አራጣው ዛሬም አለ፤
እጇን ሰደደች፣
እንዳይቀደድ ከሥሩ ደገፈችው፣ እንደ ጨቅላ።

ባዶውን ለጁሌኻ ወሰደችላት፣ ለፈተናው።
ልጅቱ ገለባበጠችው፣
ባትሪውን በጀርባው ስንጥቅ አስገብታ አበራች፤
በሁለቱ ዓይኖቹ በኩል ብርሃን ወጣ።
«ቁጥሩን መዝገቡ ላይ አልጻፍሽም» አለቻት።
«እጽፈዋለሁ» አለች ሞርጂና፣ ዓይኖቹን እያየች።